ዐሥራ ሁለተኛው መብራት

ፕሮፌሰሯ ከምልክታቸው አልተንቀሳቀሱም ነበር። በዚያ ስቱዲዮ መምህሩ የሚቀመጥበት ቦታ ወለሉ ላይ በቢጫ ፕላስተር ተሠምሯል። ካሜራውም፣ መብራቱም፣ ጽሑፍ የሚያስነብበው መስታወትም የተስተካከሉት ለዚያች ክንድ ለማትሞላ ቦታ ስለሆነ፣ አንዴ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ መምህር ወዲህም ወዲያም አይልም። ዐሥራ አራት ኪሎ የሚመዝነው የብረት መብራት ከጣሪያው ቧንቧ ተላቆ ሲወርድ ያገኛቸው እዚያው፣ ሥርዐት አክብረው በተቀመጡበት ነው።

ኢንስፔክተሯ የደረሰችው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ከኮሪደሩ እስከ ስቱዲዮው በር ድረስ አራት ሰዎች አደጋ መሆኑን ነገሯት። አምስተኛው ሰው ግን ከገመድ ሣጥን ላይ ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት።

«ልጄ፣ ይዘሽኝ ሂጂ። የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ጋሽ አምፖል ይባላሉ፤ የስቱዲዮው የመብራት ባለሙያ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ይሁን ራሰ በራነታቸው እስከ ዛሬ አልተወሰነም እያሉ ራሳቸው ይቀልዱበት ነበር። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ሦስት ወር ቀርቷቸዋል። ሃያ ሁለቱን ዓመት መሰላል ላይ ነው የኖሩት። አሁን ግን ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዐይናቸው ከአስከሬኑ መሸፈኛ ላይ አልነቀል ብሎ፣ ቃላቸውን ያለ ጠያቂ ይሰጡ ጀመር።

ጣሪያው ላይ ዐሥራ ሁለት መብራቶች ተሰቅለዋል። ዐሥራ ሁለተኛውን የሰቀሉት ትናንት ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እያንዳንዱ መብራት በብሎን ከቧንቧው ጋር ይጠብቃል፤ ብሎኑ ቢላላ እንኳ መብራቱ እንዳይወድቅ ወፍራም መያዣ ሽቦ በቧንቧው ዙሪያ ዞሮ በመንጠቆ ይቆለፋል። ብሎኑን አጥብቀው ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ነበረች። በመምህርነት መቀጠሯን ልታበስራቸው ነው የደወለችው። እሳቸውም መሰላሉ ላይ እንደ ቆሙ አነሡት፤ ሳቁም፣ መረቁም።

«ከዚያ በኋላ ወረድኩ» አሉ። «ሽቦውን አስሬ ይሁን ሳላስር አላውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ሳስበው ነው የቆየሁት፤ እጄን አየዋለሁ፣ አይነግረኝም። አላሰርኩም ማለት ነው። አምጪው ልፈርም።»

የሳጅኑ እጅ ወደ ወረቀቱ ሄዶ ነበር። ኢንስፔክተሯ ቀድማ አነሣችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ጋሼ፣ የማያስታውሱትን ነገር አላስፈርምዎትም» አለች።

ማሰር ግን ግዴታዋ ነበር። ሕጉ አርባ ስምንት ሰዓት ይሰጣታል፤ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕግ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ክስ ይመሠርታል። ጋሽ አምፖል ግን ክሱን የፈሩ አይመስሉም። የፈሩት ሌላ ነገር ነው፤ ፖሊስ መኪናው ውስጥ ሲገቡ «ለእኔ እውነቱን ብቻ ንገሩኝ፣ አስሬው ነበር ወይስ አላሰርኩትም? ሌላውን እችለዋለሁ» ብለው ሳጅኑን ለመኑት።

ኢንስፔክተሯ ወደ ስቱዲዮው ተመልሳ ከሟቿ ወንበር ፊት ለፊት ቆመች። ፕሮፌሰሯ የቅርብ ማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገዋል። መስታወቱ በርቷል፤ የሚነበብ ነገር ግን የለበትም። እጃቸውም ውስጥ፣ ጭናቸውም አጠገብ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም።

«ሳጅን፣ ሰው ለምን መነጽር ያደርጋል?»

«ለማንበብ።»

«እኮ። ምን እያነበቡ ነበር?»

ሳጅኑ ዙሪያውን አየ። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አደጋ ላይሆን ይችላል አላት።

*

ኢንስፔክተሯ ሰው ስትጠይቅ አንድ ልማድ ነበራት። የት ነበርክ፣ ምን አየህ ከማለቷ በፊት ሥራውን ነገ እንደምትቀጠርበት አድርጎ እንዲያስረዳት ታደርጋለች። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ይጠነቀቃል፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን አፉ ይፈታል።

አፏን ለማስፈታት ዘዴ የማያስፈልጋት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። የቀጠሮ ጸሐፊዋ ሬዲዮ የሚል ቅጽል የተሰጣት በነጻ አይደለም። ጠረጴዛዋ ኮሪደሩ መሐል ነው፤ በስተግራዋ የትልቁ ስቱዲዮ በር፣ ፊት ለፊቷ ደግሞ የትንሿ መቅረጫ ክፍል በር አለ። ትንሿ ክፍል መምህራን ያለ ባለሙያ ርዳታ፣ አንድ ቁልፍ ተጭነው ብቻ ራሳቸውን የሚቀርጹባት ናት። ቀረጻ ሲጀመር ከበሩ በላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ቀዩ በርቶ ሳለ በሩን የሚከፍት ሰው እንኳን ሌላ፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትም ቢሆን ከሬዲዮ ምላስ አያመልጥም።

ሬዲዮ እንደ ተናገረችው ፕሮፌሰሯ የመጡት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ቀጠሯቸው ለሦስት ሰዓት ቢሆንም ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ቀድመው፣ ብቻቸውን፣ ከፊል ጨለማ ውስጥ ይለማመዳሉ፤ ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚረብሻቸውም የለም። በቀጠሮ መዝገቡ ላይ «ዐሥር ደቂቃ፣ እርማት» ብለው አስጽፈዋል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ዶክተሩ መጥቶ ትንሿ ክፍል ገባ፤ ቀዩ መብራት በራ፤ ድምፁም በስሱ በር በኩል ይሰማት ጀመር። ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ከትልቁ ስቱዲዮ ሕንጻውን ያነቃነቀ ድምፅ ተሰማ። በሩን ስትከፍት አየች። ከዚያ ወዲህ ያለውን ለመናገር ሬዲዮ እንኳ ቃል አጣች።

«ሌላ ማን ገባ?»

«በእኔ በኩል? ማንም። እትዬ፣ እኔን ሳያልፍ ዝንብ አይገባም።»

ዶክተሩ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ልብሱ የማይሸበሸብ፣ ንግግሩ የታረመ ሰው ነው። ፕሮፌሰሯ አስተምረውታል፣ መርተውታል፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ደግሞ ለነርሶች በሚሰጠው የሕፃናት መድኃኒት አወሳሰን ትምህርት ላይ አጋር አድርገውታል። ትምህርቱ በኢንተርኔት ስለሚሰጥ ተማሪዎቹ ከመንገድ ርቀው በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ አሉ፤ ቁጥራቸው ዘጠኝ ሺህ ደርሷል። ዶክተሩ ይህን ሲናገር ዐይኑ ረጠበ። እናቴ ነበሩ አለ። ጠዋት ስለሠራው ሲጠየቅ ዐሥረኛውን ትምህርት ሲቀርጽ እንደ ነበር፣ ነገር ግን ሥዕሉ ጨልሞ ስለ ወጣበት እንዳጠፋው አስረዳ። ድምፁ ሲሰማ ለምን አልወጣህም ቢሉት ክፍሏ ድምፅ እንዳታስገባ ተብሎ እንደ ተሠራች ግድግዳውን በጣቱ እየቆረቆረ አሳየ። ልክ ነበር። በኮሪደሩ በር በኩል ከገባው የጸሐፊዋ ጩኸት በቀር የመብራቱ መውደቅ አልተሰማኝም አለ።

ኢንስፔክተሯ ከወንበሩ በስተጀርባ የተንጠለጠለውን ጨርቅ ነካችው። በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ ተሥሎበታል፤ ከሩቅ ሲያዩት አንዱን መጽሐፍ ስቦ ማውጣት ያስመኛል። ገለጥ ስታደርገው ከበስተኋላው አሮጌ የብረት በር አገኘች። ገመድ ለማሳለፍ የተሠራ፣ ወደ ትልቁ ስቱዲዮ የሚያወጣ በር ነው። አልተቆለፈም።

ዶክተሩ ሳይጠየቅ ሁሉም የስቱዲዮ ሰው ያውቀዋል አለ።

*

ረቡዕ ጠዋት የጥርጣሬው ጣት መጀመሪያ ያረፈው ስቱዲዮ ኃላፊው ላይ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት የመምህራን ስብሰባ ላይ ነበርኩ ቢልም ስብሰባው መሰረዙን ሳጅኑ አረጋገጠ። በዚያ ላይ ፕሮፌሰሯ ሊቀርጹት የነበረውን እርማት ለሁለት ሳምንት ያዘገየው እሱ ነው። በትምህርቱ ውስጥ ሕፃናትን የሚጎዳ ስሕተት እንዳለ ነግረውት፣ የማን መሆኑን ሳይነግሩት፣ እሱ ግን ተማሪዎቹ የምስክር ወረቀት እስኪወስዱ ዝም እንዲሉ ለምኗቸዋል።

ኃላፊው ላብ በላብ ሆነ። ሦስት ጊዜ ውሃ ጠጣ። በመጨረሻ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ማክሰኞ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ከተማው ሌላኛው ጫፍ ባለ ኮሌጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተቀምጦ ነበር።

«ማንም እንዳይሰማ» አለ። «ማለፌንም አላውቅ፣ መውደቄንም አላውቅ።»

«ለእኛ አልፈዋል» አለችው ኢንስፔክተሯ። አምስት ፈታኞች ስላዩት የእሱ ነገር በዚያው አበቃ።

ቀጥሎ የተጠየቀችው ኤዲተሯ ነበረች፤ መቀስ ይሏታል። የመምህራንን ቀረጻ ቆርጣና ቀጥላ ሰው የሚያየውን ትምህርት የምትሠራው እሷ ናት። ማክሰኞ ፕሮፌሰሯን ካገኘሁ ወር አልፎኛል ብላ ነበር፤ የስልክ መዝገቡ ግን በስድስት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ መነጋገራቸውን አሳየ። ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ፊቷ ስታስቀምጠው መቀስ ጨርቅ እንደሚቀደድ ድምፅ አውጥታ ተነፈሰች።

ፈርታ ነው የዋሸችው። ፕሮፌሰሯ የሰባተኛውን ትምህርት ያልተቆረጠ ቅጂ እንድታሳያቸው ለምነዋት ነበር። በሰባተኛው ትምህርት ዶክተሩ አንድ የሕፃናት መድኃኒት መጠን ሲናገር ዐሥር እጥፍ አድርጎታል። ከሩቅ ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ትምህርቱን ተቀብላ በሰጠችው መጠን የሦስት ወር ሕፃን በእጇ ሞተባት፤ ለዶክተሩ ስትጽፍ መልስ አጣች፤ ዓመት ቆይታ ለፕሮፌሰሯ ጻፈች። ፕሮፌሰሯም ሰው ከመውቀሳቸው በፊት ስሕተቱ የተናጋሪው ይሁን የቆራጯ ለማየት ፈለጉ።

«እኔ ብሆን ኖሮስ?» አለች መቀስ። «አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አላየሁም። የሞተው ሕፃን በእኔ መቀስ የሞተ መስሎኝ ነበር። ቅጂውን አብረን አየነው። ሦስት ጊዜ ነው የሚለው። ሦስቱንም ጊዜ ያው ቁጥር።»

«ዶክተሩ እርማት እንደሚቀረጽ ያውቃል?»

«ዓርብ ዕለት እሳቸው ነገሩት። ነገ ከሰው አፍ ከሚሰማ ዛሬ ከእኔ ይስማ አሉ።»

ስለዚህ ምክንያት ተገኘ፤ ማለፊያ በርም ተገኘ። ነገር ግን ሬዲዮ ከሁለት ሰዓት ከሩብ እስከ ሁለት ሰዓት ከአርባ የዶክተሩን ድምፅ ሳያቋርጥ ሰምታለች። ሰው በአንድ ጊዜ ትንሿ ክፍል ውስጥ እያስተማረ ትልቁ ስቱዲዮ መሰላል ላይ ሊወጣ አይችልም። ድምፁ ከኮምፒውተር ወጥቶ ሊሆን ይችላል ብላ ማሰብ ለኢንስፔክተሯ ቀላል ነበር፤ ማሰብና ማስረዳት ግን ለየቅል ናቸው። ዐቃቤ ሕጉም በስልክ ይህንኑ ነገራት፤ ምስክር የሰማችውን ድምፅ በግምት ማፍረስ እንደማይቻል፣ መብራቱን የሰቀለው ሰው ግን በእጇ እንዳለና ራሱም እንደሚያምን። ክሱ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይቀርባል።

ጣቢያው በር ላይ የጋሽ አምፖል ልጅ ቆማ ነበር። አዲስ የገዛችውን የሥራ ልብስ እንደ ለበሰች ነው የመጣችው። አባቷ ምግብ አልቀምስም፣ ልጄንም አላይም ብለዋል። ለኢንስፔክተሯ የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እስከ ማታ ቤት ይመጣ ነበር እኮ። ያኔ ብነግረው ምን ነበረበት?»

*

ኢንስፔክተሯ ከቀትር በኋላ ሬዲዮ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አዲስ ጥያቄ አልነበራትም። ስለዚህ የቀረውን ብቸኛ ነገር ጠየቀች፤ ነገ አንቺ ፈቃድ ብትወጪና እኔ ብተካሽ ምን እንደምሠራ አስረጂኝ አለቻት።

ሬዲዮ ደስ አላት። መዝገቡን፣ ቁልፎቹን፣ የመምህራኑን አመል በተራ አስረዳቻት። የትኛው ያዘገያል፣ የትኛው ልብሱን ረስቶ ይመጣል፣ ማን ምን ያህል ይሳሳታል።

«በተዘጋ በር ስሕተቱን እንዴት ታውቂያለሽ?»

«በጭብጨባው ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህር ሲቀረጽ ይሳሳታል፤ የማይሳሳት የለም። ሲሳሳት ቀረጻውን አያቆምም፤ አንድ ጊዜ እጁን ያጨበጭብና ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይደግማል። ጭብጨባው በድምፁ መስመር ላይ እንደ ቀጭን ምሰሶ ይታያል፤ መቀስም ሰዓት ሙሉ ከማዳመጥ ተገላግላ ምሰሶዋን እያየች እዚያው ላይ ትቆርጣለች። ከቃላቱ ሁሉ ይልቅ በሩን አልፎ ኮሪደር ድረስ ጎልቶ የሚሰማው ያ ጭብጨባ ነው። ሬዲዮና መቀስ በዚህ ይጫወታሉ፤ ዛሬ እገሌ ሃያ ገባ፣ እገሊት ሠላሳ ተባብለው ይስቃሉ።

«ዶክተሩስ?»

«ኧረ እሱ። በሰዓት ከአርባ አያንስም። ሠርግ ቤት ነው የሚመስለው።» ሬዲዮ ሳቀችና ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እትዬ... ማክሰኞ አላጨበጨበም።»

ኢንስፔክተሯ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«አንድም ጊዜ?»

«አንድም። ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚዋጣለት ብዬ ነበር። ለመቀስ ልነግራት... ከዚያ ያ ነገር መጣ፣ ረሳሁት።»

ኢንስፔክተሯ ወዲያው አልተነሣችም። ሬዲዮ የነገረቻትን ሁለተኛ ነገር እያሰበች ነበር፤ ዶክተሩ ሲሳሳት እጁ ራሱ ነው የሚያጨበጭበው፣ ካፌ ተቀምጦ ቃል ሲጠፋበት እንኳ ያጨበጭባል ብላታለች። አእምሮ ሳያዘው የሚሠራ እጅ። ጣቢያ ውስጥ እጃቸውን እያዩ «አይነግረኝም» የሚሉትን ሽማግሌ አሰበች።

ትልቁን ስቱዲዮ አስከፍታ መሰላሉ ላይ ወጣች። ከፍታ አትወድም፤ ሳጅኑ ከታች የመሰላሉን እግር ጠበቅ አድርጎ ያዘላት። የቀሩትን ዐሥራ አንድ መብራቶች አንድ በአንድ አየች። በሁሉም ላይ መያዣ ሽቦው ዞሮ፣ መንጠቆው ተቆልፎ፣ በመንጠቆው ላይ ደግሞ ጥቁር የማጣበቂያ ናስትሮ ተጠምጥሟል። የናስትሮው ጫፍ በሁሉም ላይ ለመላጥ እንዲመች ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ዐሥራ አንዱም የአንድ ሰው እጅ ሥራ ናቸው። ጋሽ አምፖል በቃላቸው ስለ ናስትሮ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ማድረጋቸውን ራሳቸውም አያውቁትም።

የወደቀው መብራት ሽቦ በማስረጃ ከረጢት ውስጥ ነበር። መንጠቆው ላይ የሙጫ ቅሪትና የጥፍር ያህል ጥቁር ቁራጭ ተጣብቆ አገኙ።

«አስረውታል» አለች ኢንስፔክተሯ መሰላሉ ላይ ሆና። «ከማሰርም አልፈው ጠምጥመውበታል። ሰው ነው የፈታው። ሳጅን፣ የተላጠ ናስትሮ ጣትህ ላይ ተጣብቆ እምቢ ቢልህ ምን ታደርገዋለህ?»

ሳጅኑ ጣቶቹን አሻሸ። «ጠረጴዛ ሥር እለጥፈዋለሁ።»

ትንሿ ክፍል ውስጥ፣ ከመምህሩ ጠረጴዛ በታች፣ ከደረቀ ማስቲካ አጠገብ ነበር። አንደኛው ጫፉ የታጠፈ፣ ሌላኛው የተቀደደ። ቅዳዱ ከመንጠቆው ቁራጭ ጋር ገጠመ። ሙጫው ላይ አንድ አውራ ጣት ሙሉ ታትሟል።

*

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተሩን ወደ ትንሿ ክፍል ጠሩት። ኢንስፔክተሯ በጨዋ ቃል ነው የጠየቀችው። የጸሐፊዋን ምስክርነት ለማጽናት ማክሰኞ የቀረጸውን ትምህርት እንደ ገና፣ እንዳለ፣ እንዲያቀርብላት ፈለገች። እሱም የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ ተቀመጠ፤ ፊቱ ረጋ ያለ ነበር። ቁልፉን ተጫነ። ከበሩ በላይ ቀዩ መብራት በራ፤ ውጭ ሬዲዮ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ሳጅኑ አጠገቧ ቆሞ ማዳመጥ ጀመሩ።

ዶክተሩ ጥሩ ጀመረ። አንድ ደቂቃ ሙሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ከዚያ «የክብደት» ሊል «የክፍለ» አለና እጁ አጨበጨበ።

ፊቱ ላይ ምንም አልታየም፤ ደገመው። ሁለተኛው ጭብጨባ ከሠላሳ ሴኮንድ በኋላ መጣ። በሦስተኛው ላይ ኢንስፔክተሯን አያት፤ እሷ ወንበሯ ላይ ተደግፋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጥሩ ተማሪ መስላ ነበር። አራተኛው ሲመጣ እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ደበቃቸው፤ አምስተኛውን ጊዜ እዚያው ሥር አጨበጨቡ። ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ተሳሳተ፣ በተሳሳተ ቁጥር እጁ ከእሱ ፈቃድ ውጭ ሄደ። በስምንተኛው ደቂቃ ላይ አቆመ።

«ዐሥራ አንድ» አለች ኢንስፔክተሯ። «በስምንት ደቂቃ። ማክሰኞ ዕለት በሃያ አምስት ደቂቃ አንድም አልነበረም። ጸሐፊዋ የሰማችው እርስዎን ሳይሆን መቀስ የቆረጠችውን ዶክተር ነው።»

ናስትሮውን ግልጽ ከረጢት ውስጥ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መብራቱ የተሰቀለው ሰኞ ማታ ስቱዲዮው ሊዘጋ ሲል እንደ ሆነ፣ ጥበቃው የከፈተው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ሆነ፣ የአውራ ጣቱ አሻራ የማን እንደ ሆነ በተራ ነገረችው። የመሰላሉን ነገር እሱ ራሱ ጨመረበት፤ መሰላሉ የቆመው ከፕሮፌሰሯ ወንበር በስተኋላ ባለ ጥቁር መጋረጃ ጀርባ ነበር። ፕሮፌሰሯ መስታወቱን አብርተው፣ ከማንበባቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው በዝምታ ሲቀመጡ ሽቦውንም ብሎኑንም ፈታ፤ ጸሐፊዋ በሩን ሳትከፍት ወረቀታቸውን ይዞ በብረቱ በር ተመለሰ።

ለረጅም ጊዜ የራሱን መዳፎች ተመለከተ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርቱ ላይ ራሴን ሳይ ኖሬያለሁ» አለ። «ሳልሳሳት ስናገር። እንደዚያ የምናገር መስሎኝ ነበር፤ ይኸው ነው።»

«ወረቀታቸውንስ የት አደረሱት?»

«አቃጠልኩት። ከመስታወቱም አጠፋሁት።» ከረጢቱን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋው። «ያነበብኩት ከሞቱ በኋላ ነው። ስሜ የለበትም። ተሳስተናል ነው የሚለው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እኛ ተሳስተናል።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ለመስማት የተዘጋጀች አልነበረችም። ተነሥታ የመቅረጫውን ቁልፍ አጠፋች፤ ሳጅኑም ገባ።

*

ዐቃቤ ሕጉ ስልኩን ሲዘጋ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ኢንስፔክተሯ ጋሽ አምፖልን ወደ ቢሮዋ አላስጠራቸውም፤ ራሷ ወረደች። ኮሪደሩ ላይ ባለው የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ፊት ለፊት ሆኖ ለመናገር አልሆነላትም።

«ጋሼ፣ አስረውታል» አለች።

ጋሽ አምፖል ዞረው አዩዋት።

«ሽቦውን አዙረዋል፣ መንጠቆውን ቆልፈዋል፣ ናስትሮም ጠምጥመዋል። ሰው ነው የፈታው። አምኗል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ በጣም በቀስታ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው የፈሩ ይመስል ወደ እሷ ዘንበል ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ደስ አለኝ። እሳቸው ሞተው ተኝተው እኔን ደስ አለኝ። ይህ ነውር አይደለም?»

ኢንስፔክተሯ በሃያ ዓመት አገልግሎቷ ብዙ ተጠይቃለች። ነውር አይደለም ብላ መለሰችላቸው፤ ሲያንስባት ደግሞ ደገመችው። ከዚያ የመፈቻ ወረቀቱን ለማስፈረም ወደ ላይ ወጣች። ማኅተም የያዘው መኮንን አልነበረም፤ ፈልጋ አገኘችው፤ እሱም ቁልፉን ፈለገ። በዚህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ሄደ።

ስትመለስ ጋሽ አምፖል አግዳሚው ላይ ተጋድመው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ያንኮራፉ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ያልተዘጋ ዐይን ነው። ልጃቸው በሩ ጋ ደርሳ፣ አባዬ ልትል አፏን ከፍታ፣ ኢንስፔክተሯ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ስታደርግ አየቻት።

ከላይ ደረጃ ሁለት ፖሊሶች በአንድ ነገር እየተሳሳቁ ይወርዱ ነበር። ኢንስፔክተሯ ቀና ብላ አየቻቸው፤ በእግራቸው ጫፍ እየረገጡ አለፉ። ልጅቷም በአባቷ እግር በኩል በቀረችው ትንሽ ቦታ ላይ ተቀምጣ፣ እግራቸውን አንሥታ አዲሱ ልብሷ ላይ አሳረፈችው። ወረቀቱን የሚያስቸኩለው ነገር አልነበረም።